ከአንድ ሊኖ አሥር አንድ ዓይነት ህትመት ማውጣት፦ ለፕሪንትሜኪንግ ጀማሪ ተማሪዎች የአሠራር መመሪያ

የፕሪንትሜኪንግ (የህትመት ሥነ ጥበብ) ኮርስ የጀመሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «መምህሬ አሥር ህትመት ያለው ኤዲሽን አምጣ አለኝ። ቀረጽኩ፣ አተምኩ፣ ግን አሥሩም አሥር ዓይነት ሆነው ወጡ። አንዱ ደብዝዟል፣ አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ ወረቀቱ ላይ ተንጋዷል። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ባጭሩ ችግሩ ብዙውን ጊዜ እጃችሁ አይደለም። የቀለሙ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት መወሰን የነበረባቸው ነገሮች ሳይወሰኑ ህትመት ስለተጀመረ ነው። ወረቀቱ ስንት በስንት ነው? ሊኖው (የምንቀርጸው የሊኖሊየም ንጣፍ) የት ይቀመጣል? ሮለሩ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? እጃችሁ በቀለም ሲጨማለቅ ወረቀቱን የሚያነሳው ማነው? እነዚህ መልስ ከሌላቸው እያንዳንዱ ህትመት እንደ አዲስ ሙከራ ይሆናል። ኤዲሽን ማለት ደግሞ ተመሳሳይ ህትመቶች ማለት ነው።

እዚህ የምናየው ባለ አንድ ቀለም የሊኖ ህትመት ነው። የሊኖው መጠን 15 በ20 ሴ.ሜ.፣ ኤዲሽኑ 10። ፕሬስ (የህትመት መጫኛ ማሽን) ባይኖራችሁም በማንኪያ መሥራት ይቻላል።

ቀኑን ከኋላ ቁጠሩ

የዘይት ቀለም እስኪደርቅ እንደ ውፍረቱ፣ እንደ ወረቀቱና እንደ አየሩ ሁኔታ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ማስረከቢያው ዓርብ ከሆነ ሐሙስ ማታ ማተም አይሆንም። ከምታስረክቡበት ቀን ሰባት ቀን ወደኋላ ቁጠሩና የማተሚያ ቀናችሁን እዚያ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ለፕሩፍ (ለሙከራ ህትመት) አንድ ቀን፣ ለቅርጽ ሦስት ወይም አራት ቀን፣ ለስዕሉ ሁለት ቀን ያዙ። አሥሩን በአንድ ቁጭታ ማተም አለባችሁ። ዛሬ አምስት፣ ነገ አምስት ካላችሁ የቀለሙ ውፍረትም የእጃችሁ ጉልበትም ይለወጣል፤ ልዩነቱም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ወዲያው ይታያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኖ፣ ከጀርባው የጁት (የጆንያ) ጨርቅ ያለው፣ ውፍረቱ 3.2 ሚ.ሜ. ገደማ። ስትገዙ ጠርዙን በቀስታ አጠፍ አድርጉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ አርጅቷል፣ ተዉት።
- ሦስት መቅረጫዎች፦ አንድ ጠባብ የ«ቪ» ቅርጽ፣ አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ የ«ዩ» ቅርጽ። ባለ ሃያ ስብስብ አያስፈልጋችሁም።
- የስለት መሳያ ድንጋይና ቁራጭ ቆዳ።
- መግቻ ጣውላ። ከታች የጠረጴዛውን ጠርዝ የሚይዝ፣ ከላይ ሊኖውን ወደፊት እንዳይሄድ የሚገታ ዘንግ የተመታበት ሰሌዳ ነው። ከቁራጭ እንጨት ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።
- ለስላሳ የጎማ ሮለር፣ ወርዱ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ.። ጠባብ ሮለር ሊኖው ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ይተዋል።
- ወፍራም መስታወት፣ ጠርዙ በቴፕ የተሸፈነ። ስፓቱላም ያዙ።
- ለሪሊፍ ህትመት (ቀለሙ ሳይቀረጽ በቀረው ፊት ላይ ለሚቀባበት ህትመት) የተሠራ የዘይት ቀለም፣ ጥቁር። የሸራ ሥዕል የዘይት ቀለም አይተካውም። ዘይቱ ስለሚበዛ ወረቀቱ ላይ በቅርጹ ዙሪያ ቢጫ የቅባት ክብ ይሠራል።
- ወረቀት። በእጅ ለምታትሙ ቀጭንና ጠንካራ፣ በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 60 ግራም። ከመልበሪ ልጥ የሚሠራው የጃፓን ወረቀት ለዚህ የተመቸ ነው። በፕሬስ ከሆነ ከ200 ግራም በላይ የጥጥ ወረቀት መጠቀም ትችላላችሁ። ለሙከራ የሚሆን ርካሽ ወረቀትም ለብቻ ያዙ።
- ባረን (ወረቀቱን ከጀርባው ማሻ ጠፍጣፋ መሣሪያ) ወይም ጀርባው ለስላሳ የሆነ የእንጨት ማንኪያ።
- ካርቶን፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ ማስመሪያ፣ ካተር፣ ትሬሲንግ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ።
- 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት።
- አሮጌ ጋዜጣ፣ ጨርቅ፣ የምግብ ዘይት፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ሽርጥ።
- ማስታወሻ ደብተር። ይህን አትዝለሉት፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አሠራሩ

1. ስዕሉን ለሊኖ ብላችሁ ሣሉት

በእርሳስ የተሠራ ግራጫ ጥላ ሊኖ ላይ የለም። ቀለም አለ ወይም የለም። ያልተነካው ቦታ ቀለም ይይዛል፣ የተቀረጸው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስዕላችሁን መጀመሪያ በጥቁር ማርከር ብቻ፣ ያለ ግራጫ፣ በትክክለኛው መጠን ሥሩት። ግራጫ የሚመስል ነገር ከፈለጋችሁ በመስመር መቀራረብና መራራቅ ወይም በነጥብ ታመጡታላችሁ። ይህን ደረጃ የዘለለ ተማሪ ሊኖው ላይ እየቀረጸ መወሰን ይጀምራል፤ ሊኖ ደግሞ የተነሳውን መልሶ አይተካም።

2. የሊኖውን ፊት አዘጋጁ

አዲስ ሊኖ ላዩ ላይ የሚያንሸራትት ቅባት አለው። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ክብ ክብ እያደረጋችሁ በስሱ አሹት፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁት። ቀለሙ እኩል የሚይዘው ከዚህ በኋላ ነው። ያልታሸ ሊኖ የመጀመሪያዎቹ ህትመቶች ላይ እዚህም እዚያም ነጭ ይተዋል፣ ተማሪው ደግሞ ቀለም አነሰ ብሎ ይጨምራል፣ ከዚያ ቀጫጭን መስመሮቹ ይደፈናሉ።

ቀጥላችሁ ፊቱን በውኃ በቀጠነ ቀይ ወይም ቡናማ አክሪሊክ ቀቡት። ስስ ይሁን፣ ሽፋን እንዳይሠራ። ስትቀርጹ የተነሳው ቦታ በሊኖው የራሱ ቀለም፣ ያልተነካው በቀይ ስለሚታይ ህትመቱ ምን እንደሚመስል እየሠራችሁ ታነባላችሁ።

3. ገልብጣችሁ አሻግሩ

ህትመት ግራና ቀኝን ያገላብጣል። ስዕሉን እንዳለ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ደግማችሁ ሣሉት፣ ከዚያ እርሳሱ ያለበትን ፊት ወደ ሊኖው አዙራችሁ በቴፕ አስይዙና በማንኪያ ጀርባ አሹት። በዚህ መንገድ ሊኖው ላይ ያለው ስዕል ራሱ የተገላበጠ ይሆናል፣ ሲታተም ይቃናል። ጽሑፍ ካለበት ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። «ለ» ቢገለበጥ ዓይናችሁ ሊያልፈው ይችላል፤ «ሉ» ግን ጭረቷ በግራ በኩል ትወጣለች፣ ያኔ አሥሩም ወረቀት ከንቱ ነው። መስታወት ፊት ያዙት፤ መስታወቱ ውስጥ የምታዩት የሚታተመው ነው።

የእርሳሱ መስመር በእጅ መታሸት ይጠፋል። በቀጭን ማርከር አጥብቁት። ማርከሩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ አንዳንዱ በህትመት ቀለሙ ዘይት ይሟሟና ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

4. ስለቱን ሳሉ

ደነዝ መቅረጫ አደገኛ ነው። ስለታም ስለት በትንሽ ግፊት ይሄዳል፤ ደነዙን ግን በኃይል ትገፉታላችሁ፣ ከዚያ በድንገት ያመልጥና ሄዶ ሌላኛው እጃችሁን ያገኛል። በመሳያ ድንጋይ ላይ የውጭውን ፊት ባለበት አንግል እያንከባለላችሁ ሳሉት፣ በቆዳው ጨርሱት። ቁራጭ ሊኖ ላይ ስትሞክሩት ንጹሕ፣ የሚያበራ መስመር ከተወ ይበቃል። የተሸረፈና የተቀደደ ከመሰለ ይቀረዋል። ቅርጽ ላይ እያላችሁም በየግማሽ ሰዓቱ ቆዳው ላይ አመላልሱት።

5. ቅረጹ

ሊኖው ቀዝቃዛ ከሆነ ይጠነክራልና አሙቁት። የፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ይሆናል። ከመጠን በላይ ካሞቃችሁት ይለሰልስና ጠርዞቹ ይበላሻሉ።

መግቻ ጣውላው ላይ አስቀምጡትና ከራሳችሁ አርቃችሁ ወደ ፊት ግፉ። ሊኖውን የሚይዘው እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ በስተኋላ ይሁን። ይህን ልማድ በመጀመሪያው ቀን ካልያዛችሁት በኋላ አይመጣም።

መቅረጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ። ሽቅብ ካቆማችሁት ይሰምጥና ጁቱ ድረስ ይደርሳል። ጁት ከታየ ጥልቀቱ በዝቷል። ለቀጭን መስመር 1 ሚ.ሜ.፣ ሰፊ ነጭ ለሚሆነው ቦታ 2 ሚ.ሜ. ያህል በቂ ነው። ሰፊው ቦታ ለምን ይጠልቃል? ሮለሩና ወረቀቱ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ይረግባሉ፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ግን አይገቡም።

የመስመሩ ጎን ወደ ታች ሲሄድ እየሰፋ ይሂድ። ከሥሩ ከሸረሸራችሁት ቀጭኑ መስመር የሚቆምበት መሠረት ያጣል፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ህትመት ላይ በግፊቱ ይወድቃል። ኤዲሽን መሃል ላይ የጠፋ መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ክብ መስመር ስትቀርጹ እጃችሁን ሳይሆን ሊኖውን አዙሩት። መጀመሪያ ቀጫጭኑንና ዝርዝሩን በ«ቪ»ው አውጡ፣ ዙሪያቸውን በጠባቡ «ዩ» አስፉ፣ ሰፊውን ቦታ መጨረሻ ላይ በሰፊው ጥረጉት። ሰፊው ቦታ ላይ አቅጣጫችሁን ጠብቁ። ሁልጊዜ የሚተርፍ ትንሽ ጉብታ ይኖራል፣ እሱም ቀለም ይይዛል፤ አቅጣጫው የስዕሉን ቅርጽ ከተከተለ ያምራል፣ በዘፈቀደ ከሆነ ቆሻሻ ይመስላል።

6. ቀለም ሳትነኩ ፈትሹ

ቀጭን ወረቀት ሊኖው ላይ አድርጉና በእርሳስ ጎን አሹት። የህትመቱ ረቂቅ ይወጣል። የረሳችሁትን ቦታ፣ ያልጠራውን ጠርዝ እዚህ ታገኛላችሁ። ቀለም ከነካ በኋላ ለመቅረጽ ሊኖውን ማጠብና ማድረቅ ግድ ነው፣ ስለዚህ ይህ አምስት ደቂቃ አንድ ሰዓት ያተርፍላችኋል።

7. ወረቀቱን በሙሉ አሁኑኑ ቁረጡ

ለ10 ኤዲሽን 16 ወረቀት አዘጋጁ። መጠኑ 25 በ30 ሴ.ሜ. ይሁን፣ በዙሪያው 5 ሴ.ሜ. ነጭ ኅዳግ ይተርፋል። ኅዳጉ ለመያዣም፣ ለፊርማም፣ ለፍሬምም ያስፈልጋል። ስድስቱ ትርፍ ለምን? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀለሙ እስኪረጋ ይሄዳሉ፣ አንድ ሁለት ደግሞ በጣት አሻራ ይበላሻሉ። እያተሙ ወረቀት መቁረጥ በቀለም የተነካ እጅና የተለያየ መጠን ማለት ነው። ቆርጣችሁም ሆነ በማስመሪያ ቀድዳችሁ ብትሠሩት ችግር የለውም፣ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ይሁን። የሚታተምበትን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ ከቀለሙ ጠረጴዛ ራቅ ያለ ንጹሕ ቦታ ላይ ደርድሩት።

8. የማጣጣሚያ ካርቶን ሥሩ

አብዛኛው የተንጋደደ ህትመት የሚድነው እዚህ ነው። ከወረቀቱ የሚበልጥ ካርቶን ውሰዱ። በላዩ የወረቀቱን ዙሪያ 25 በ30፣ በውስጡ መሃል ላይ የሊኖውን ዙሪያ 15 በ20 በማስመሪያ አስምሩ። በሊኖው አንድ ማዕዘን ላይ ሁለት ቁራጭ ካርቶን በ«ኤል» ቅርጽ ለጥፉ፤ ከሊኖው ዝቅ ያሉ ይሁኑ፣ ካለዚያ ወረቀቱ ላይ ምልክታቸው ይወጣል። በወረቀቱም አንድ ማዕዘን ላይ እንዲሁ አድርጉ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ በቴፕ አስይዙት።

አሁን ሊኖው ሁልጊዜ ያው ማዕዘን ውስጥ ይገባል፣ ወረቀቱም ያው ማዕዘን ላይ ያርፋል። ዓይናችሁ መገመት አያስፈልገውም። ከሊኖው ጀርባ ላይ «ላይ» የሚል ምልክት አድርጉ፣ ቀለም ስትቀቡ ገልብጣችሁ እንዳታስገቡት።

9. ቀለሙን ዘርጉ

በስፓቱላ ቀለሙን ጥቂት ደቂቃ መስታወቱ ላይ እሹት። ሲታሽ ይለሰልሳል። ከዚያ የሮለሩን ወርድ ያህል ቀጭን መስመር አድርጋችሁ አስቀምጡና በሮለሩ ወደ ታች ዘርጉት። በእያንዳንዱ ምልልስ መጨረሻ ሮለሩን ከመስታወቱ አንሱት። ካላነሳችሁት ሮለሩ ያው ጎኑ ብቻ ቀለም እየያዘ ይመላለሳል፣ ሊኖው ላይም ወፍራምና ስስ ሽንትር ይተዋል።

መጠኑን በጆሮ ለዩት። ሮለሩ እየተጣበቀ የሚላቀቅ ኃይለኛ ድምፅ ካሰማ ቀለሙ በዝቷል። ትክክለኛው ድምፅ ትኩስ ምጣድ ላይ ጠብ ያለ ውኃ የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን «ሽሽሽ» ነው። በዓይን ደግሞ ፊቱ ደቃቅና እኩል ይመስላል። የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ ብዙ ነው፤ በስፓቱላ ቀንሱ።

10. ፕሩፍ አውጡ

በርካሹ ወረቀት ጀምሩ። ሊኖውን በስስ ቀቡ፤ ሮለሩን መስታወቱ ላይ ሙሉት፣ በቁመት አንድ ዙር፣ በወርድ አንድ ዙር፣ እንደገና ሙሉት። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ይሻላል፣ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ ፊቱ ላይ ይከማቻልና። ሮለሩን አትጫኑት፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል።

አዲስ ሊኖ ቀለም ይጠጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፕሩፎች መደብዘዛቸው አያስደንግጣችሁ፣ ቀለም ለመጨመርም አትቸኩሉ። አራተኛው አካባቢ ይረጋል። ካልረጋ ያን ጊዜ ጨምሩ።

ቅርጹ መታረም ያለበት ከሆነ ፕሩፉ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ሊኖውን ጥረጉ፣ አርሙ፣ እንደገና ፕሩፍ አውጡ። በልባችሁ «ይህ ነው» የምትሉት ሲወጣ ለዩትና ፊት ለፊታችሁ ስቀሉት። በሙያው ቋንቋ «ቦን አ ቲሬ» ይባላል። ሌሎቹ ሁሉ የሚመዘኑት በሱ ነው፣ ባለፈው በታተመው አይደለም። ባለፈው ከመዘናችሁ ልዩነቱ በትንሽ በትንሹ እየተንሸራተተ አሥረኛው ላይ ሌላ ሥራ ይሆናል።

አሁን ደብተሩን ክፈቱ። ስንት ጊዜ ሮለር ሞላችሁ? ስንት ዙር? በየስንት ህትመቱ መስታወቱ ላይ ቀለም ጨመራችሁ? ለስንት ደቂቃ አሻችሁ? ጻፉት። ይህ የኤዲሽኑ ውል ነው፣ ከዚህ በኋላ አይለወጥም።

11. ኤዲሽኑን አትሙ

እጃችሁን ታጠቡ። ሊኖውን ከማጣጣሚያው ውጭ፣ ጋዜጣ ላይ ቀቡት፤ ካርቶኑ ላይ ከቀባችሁት ካርቶኑ ይቆሽሽና ኅዳጉን ያበላሻል። ጉድጓዶቹ ውስጥ ያላስፈለገ ቀለም ካለ በጨርቅ ጫፍ ጥረጉ። ማዕዘኑ ውስጥ አስገቡት። እጃችሁን እንደገና ጥረጉ። ወረቀቱን በሁለት የታጠፉ ቁራጭ ወረቀቶች ቆንጥጣችሁ አንሱ፣ አንዱን ጠርዝ ማዕዘኑ ላይ አስደግፉ፣ የቀረውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ከነካ በኋላ አታንቀሳቅሱት። ካንቀሳቀሳችሁት ጥላ ያለው ድርብ ምስል ይወጣል።

በእጅ ከሆነ ላዩ ላይ ትሬሲንግ ወረቀት አድርጉ፣ ማንኪያው ቀጭኑን ወረቀት እንዳይቀድ። መጀመሪያ በእጅ መዳፍ ከመሃል ወደ ውጭ ጠፍ ጠፍ አድርጉት፣ ይያዝ። ቀጥሎ በማንኪያ ጀርባ ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ ከመሃል ወደ ጠርዝ ሂዱ። ጠርዞቹና ማዕዘኖቹ በብዛት የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። አንዱን ማዕዘን አንስታችሁ እዩ፣ ሌላው ግን በእጃችሁ ተጭኖ ይቆይ። ስስ ቦታ ካለ መልሱትና አሹ። ማየት የሚቻል መሆኑ የእጅ ህትመት ትልቁ ጥቅም ነው፣ ተጠቀሙበት።

በኢቺንግ ፕሬስ (ለብረት ፕሌት ህትመት በሚያገለግለው ባለ ሮለር ማሽን) ከሆነ ከሊኖው ግራና ቀኝ ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ ሊኖ አስቀምጡ። የፕሬሱ ሮለር ወደ ሊኖው ሲወጣና ሲወርድ እንዳይዘል ያደርገዋል። ግፊቱ ከኢቺንግ በጣም ያነሰ ይሁን፣ የሁለቱም ጎን ማስተካከያ እኩል ይሁን። ግፊት ሲበዛ ወረቀቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ሊኖውም ይለጠጣል። ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት የስቱዲዮውን ቴክኒሻን አስፈቅዱ፤ ግፊቱ የተቀየረ ፕሬስ የሚቀጥለውን ተማሪ የመዳብ ፕሌት ሊያበላሽ ይችላል።

ህትመቱን ከአንድ ማዕዘን ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ከተሰቀለው ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካለ አሁኑኑ ምክንያቱን ፈልጉ፣ ሦስት ካተማችሁ በኋላ አይደለም።

12. አድርቁ

ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ስቀሉ ወይም ማድረቂያ መደርደሪያ ላይ ለየብቻ አስተኙ። አትደራርቡ። በጣት ጫፍ ጥቁሩን ስትነኩት ምንም ካልወጣ ደርቋል። ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ ወረቀቱ ይጣመማል።

13. አጽዱ

መስታወቱ ላይ የቀረውን ቀለም በስፓቱላ ፍቃችሁ ጋዜጣ ላይ አድርጉ። ከዚያ መስታወቱን፣ ሮለሩንና ሊኖውን በትንሽ የምግብ ዘይት አሹ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ ሳሙና ባለው እርጥብ ጨርቅ ጨርሱ። አኳራጅ ሳትጠቀሙ ይለቃል፣ ለሳንባችሁም ይሻላል። ሊኖውን ውኃ ውስጥ አትንከሩ፣ ጁቱ ያብጥና ይጣመማል። ሮለሩን ሰቅላችሁ ወይም በጀርባው አስተኝታችሁ አስቀምጡ። በጎማው ላይ ተኝቶ ካደረ ጎማው ይጠፈጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባው ሁሉ ላይ በየዙሩ አንድ ሽንትር ይተዋል። ሮለሩ የጋራ ከሆነ ይህን የምታደርጉት ለጓደኞቻችሁ ነው።

14. ቁጥርና ፊርማ

ሲደርቁ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ደካሞቹን አውጡ። አሥሩን ምረጡ። ከምስሉ ሥር በእርሳስ፣ በግራ በኩል ቁጥሩን (1/10፣ 2/10 እያላችሁ)፣ መሃል ላይ ርእሱን፣ በቀኝ ፊርማና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። እርሳስ የሚሆነው ስለማይደበዝዝና ወደ ወረቀቱ ስለማይሰርግ ነው። ቁጥሩ የታተመበትን ቅደም ተከተል መከተሉ ግዴታ አይደለም። ለራሳችሁ የምታስቀሩት አንድ ተመሳሳይ ካለ ቁጥር ሳይሆን «የአርቲስት ፕሩፍ» ብላችሁ ጻፉበት። 10 ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ አሥራ አንደኛ ማተም የለም፤ ቁጥሩ ለሚወስደው ሰው የተሰጠ ቃል ነው።

ማስጠንቀቂያ

የዘይት ቀለምና የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ሲከመር በራሱ ይሞቃል፣ ያለ ክብሪትም ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ በእርግጥ የሚሆን ነገር ነው። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ውኃ አድርጋችሁ ንከሩት፣ ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ማታ ስቱዲዮውን ስትዘጉ የመጨረሻው ሥራችሁ ይሁን።

ደክሟችሁ አትቅረጹ። አብዛኛው መቆረጥ የሚመጣው «ይህችን ልጨርስ» ሲባል ነው። በቀለም እጅ አትብሉ። አኳራጅ መጠቀም ግዴታ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። የዘይት ቀለም በመታጠቢያ ቱቦ አታፍስሱ።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ቀለም አንሷል፣ ወይም ማሸት አንሷል። መለያው ይኸውና፦ ማዕዘኑን አንስታችሁ ሊኖውን እዩ። ሊኖው ላይ ብዙ ቀለም ከቀረ ማሸቱ ነው ያነሰው። ከሌለ ቀለሙ ነው።

ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ተደፍነዋል። ቀለም በዝቷል። አዲስ ቀለም ሳትቀቡ ጋዜጣ ላይ ሁለት ጊዜ አትሙና ትርፉን አውጡ፣ ከዚያ በስሱ ቀጥሉ። ካልጠራ ሊኖውን አጽዱት።

ህትመቱ በአንድ በኩል ጠቁሮ በሌላው ደብዝዟል። በእጅ ከሆነ ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ስለምትጀምሩ ነው፣ የጀመራችሁበት ጎን ጉልበት ይወስዳል። ካርቶኑን ሳይሆን የቆማችሁበትን ቦታ ቀይሩ። በፕሬስ ከሆነ የሁለቱ ጎን ግፊት እኩል አይደለም።

ነጭ መሆን የነበረበት ሰፊ ቦታ ላይ ጭረቶች ወጥተዋል። የተረፉ ጉብታዎች ናቸው። ከፈለጋችኋቸው ይቆዩ፣ ግን በአሥሩም ላይ ይኑሩ። ካልፈለጋችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጥረጓቸው።

ወረቀቱ ሲላጥ ይቀደዳል። ቀለሙ በጣም ተጣባቂ ነው። ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት ጨምራችሁ በስፓቱላ እሹት። ጠብታ ነው ያልኩት፣ ካበዛችሁ የቅባት ክቡ ይመጣል።

መሃል ላይ ቀለም አለቀና አዲስ ቆርቆሮ ተከፈተ። አንድ ኤዲሽን ከአንድ ቆርቆሮ ይታተም። ቀለም ቀላቅላችሁ ከሆነ ደግሞ ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ አድርጋችሁ ቀላቅሉ፣ ያን ጥላ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

አሥሩ ወጥተው አንዱ ብቻ ትንሽ ከደበዘዘ? አታስገቡት። ትርፎቹ ውስጥ የተሻለ ካለ ተኩት፣ ከሌለ ኤዲሽኑን 9 አድርጉና ለመምህሩ ንገሩት። ቁጥሩን የምትጽፉት ከዚህ በኋላ መሆኑ የጠቀመው ለዚህ ነው።